በዶሮ መዋያ ምን እንትከል?

ዶሮ የሌለበት የገበሬ ቤት ጥቂት ነው። ዕንቁላል ጨው ይገዛል። ሳሙና ይገዛል። ለልጅ ደብተርና እርሳስ ይገዛል። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩበት ደብተር በእናቴ ዕንቁላል የተገዛ ነው። ታዲያ ዶሮ ይህን ያህል ከጠቀመችን እኛስ ምን አደረግንላት? ማታ ቆጥ ላይ እናሳድራታለን። ጧት በሩን ከፍተን እንለቃታለን። ከዚያ በኋላ ራሷን ችላ ትዋል ብለን እንተዋታለን።

ዛሬ የምናነበው ዶሮ በምትውልበት ቦታ ስለሚተከል ተክል ነው። የትኛው ተክል ይጠቅማታል? የትኛው ይጎዳታል? የተተከለውስ በእርሷ እግርና አፍ እንዳይጠፋ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ በሁለት ቃላት እንስማማ። «የዶሮ ቤት» ስንል ማታ የምታድርበትን ቤት ማለታችን ነው። «መዋያ» ስንል ደግሞ ቀን የምትውልበትን፣ በአጥር የተከለለውን ቦታ ማለታችን ነው። አጥር የሌለው ሰውም ያንብብ። ዶሮው በጓሮ የሚውልበት ገበሬም የሚጠቀምበት ነገር አለ።

በእናቴ ቤት የሆነው

የእናቴ ደጅ ንጹሕ ነው። በየጧቱ ይጠረጋል። ሣር ከበቀለ ይነቀላል። ቁጥቋጦ ከታየ «እባብ ይገባበታል» ተብሎ ይመነጠራል። ጎረቤት ሁሉ ያደንቀዋል። አንድ ዓመት በኅዳር ወር አንዲት ዶሮ 11 ጫጩት ፈለፈለች። እኛም ደስ አለን። በ3ኛው ቀን ጭልፊት መጥቶ አንዱን ወሰደ። በሳምንቱ 7 ቀሩ። ወር ሳይሞላ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ጭልፊቱ በመጣ ቁጥር እናቲቱ ትጮኻለች። ጫጩቶቹ ይሮጣሉ። ግን ወዴት ይግቡ? ደጁ እንደ መዳፍ የተራቆተ ነው። መደበቂያ የሚባል ነገር የለበትም። በዚያ ዓመት ቄብ ሆኖ ለገበያ የደረሰ አልነበረም። ለእኔም ደብተር አልተገዛም፤ በአሮጌው ደብተር ጀርባ ላይ ስጽፍ ከረምኩ።

ከእኛ ቤት በታች አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። የእርሳቸው ጓሮ ጌሾ፣ ግራዋና አጋም ተደባልቆ የበቀለበት ነው። እናቴ «የእርሳቸው ጓሮ ጫካ ሆነ» ትላለች። ጭልፊቱ በእርሳቸውም ጓሮ ላይ ሲያንዣብብ አየዋለሁ። ሲወርድ ግን አላየሁም። አንድ ቀን «እማማ፣ የእርስዎን ጫጩት ጭልፊት የማይወስደው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አጋሙ አለ አይደል እንዴ ልጄ!» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ነገሩ ለእርሳቸው ግልጽ ነበር። ለእኔ ግን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ዶሮ የጫካ ወፍ ናት

ዶሮ ከሰው ጋር ከመላመዷ በፊት የጫካ ወፍ ነበረች። የዱር ዘመዶቿ ዛሬም በሕንድ፣ በታይላንድና በሌሎችም የእስያ አገሮች ይኖራሉ። ቀን ከቁጥቋጦ ሥር ቅጠል እየጫሩ ትልና ፍሬ ይለቅማሉ። ማታ ዛፍ ላይ ወጥተው ያድራሉ። ወደ አገራችን የገባችው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በትግራይ መዝበር በሚባል ቦታ በቁፋሮ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቀዋል። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር ኖራ እንኳ የጫካ ጠባይዋን አልተወችም። ቆጥ ላይ መውጣቷ ምንድን ነው? ዛፍ ላይ ማደሯ እኮ ነው! ሜዳ ላይ ብትለቋት ደግሞ አጥር አጥሩን ትሄዳለች እንጂ ወደ መሐል ብዙ አትገባም። ከላይ የሚመጣ ጠላት እንዳለባት ታውቃለች።

ጭልፊት የሚይዘው ከላይ አይቶ፣ ለክንፉም ቦታ አግኝቶ ነው። እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ አይታገልም፤ ክንፉን ይፈራል። ስለዚህ ጫጩት ወደ ቁጥቋጦው እስክትደርስ የምትሮጠው መንገድ አጭር መሆን አለበት። እኔ የምመክረው ከአንዱ ቁጥቋጦ እስከ ሌላው ከ5 እርምጃ እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ ከራቀ ጭልፊቱ ይቀድማታል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። የዶሮ ግን ከ41 ዲግሪ አያንስም። ዶሮ ደግሞ እንደ ሰው አታልብም። ሙቀት ሲበዛባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ክንፏን ከጎኗ ታነሣለች። እንዲህ ስትሆን ካያችሁ ተቸግራለች ማለት ነው። መብላቷን ትቀንሳለች። መብላት ስትቀንስ ዕንቁላሏም ያንሳል። ቅርፊቱም ይሳሳል። በቆላ አገር በመጋቢትና በሚያዝያ ዕንቁላል የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጥላ ካገኘች ግን ቀኑን በደኅና ትውላለች።

ሦስተኛው ምክንያት ከጥላው ሥር ያለው አፈር ነው። ቅጠል ይረግፍበታል። እርጥበት ይይዛል። በእርጥቡ ቅጠል ሥር ትልና ነፍሳት ይራባሉ። ዶሮም ቀኑን ሙሉ ትጭርበታለች። ትል ሥጋ ነው፤ ለዕንቁላል የሚያስፈልገውን ገንቢ ምግብ ይሰጣታል። የተጠረገ ደጅ ላይ ግን ምን ታገኛለች? የእናቴን ደጅ መጥረግ አልነቅፍም። ለሰው ንጽሕና ጥሩ ነው። ሰው በሚቀመጥበት ይጠረግ፤ ዶሮ በምትውልበት ግን ቅጠሉ ይቅር።

የእኔ ስሕተት

ይህን ካወቅሁ በኋላ በተከታዩ ክረምት ሥራ ጀመርኩ። ከመደብ ላይ 40 የጎመን ችግኝ ነቅዬ መዋያው ውስጥ ተከልኩ። «ዶሮዎቹ ቅጠሉን ይበላሉ፤ ጥላም ያገኙበታል» ብዬ ነበር። ጧት ተከልኩ። ማታ ስመለስ 40ውም የለም! ቅጠሉ ተበልቷል። ሥሩ ተጭሮ ወጥቶ ደርቋል። እናቴም «ጎመኑን የተከልከው ለዕድገት ነው ወይስ ለምሳ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው።

ዶሮ ተክልን በሦስት ነገር ታጠፋለች። አንደኛው አፏ ነው። ለስላሳ ቅጠል አትምርም። ሁለተኛው እግሯ ነው። ከአፏ ይልቅ የሚከፋው እግሯ ነው። ትል ፍለጋ ስትጭር ሥሩን አየር ላይ ታወጣዋለች። ትልቅ ችግኝ እንኳ ሥሩ ከተገለጠ ይደርቃል። ሦስተኛው ኩሷ ነው። የዶሮ ኩስ ብርቱ ማዳበሪያ ነው። ትኩሱ ሲበዛ ግን ለጋውን ተክል ያቃጥለዋል። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ታያላችሁ።

እንግዲህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተክሉን ከዶሮ እንጠብቀዋለን። ከጠነከረ በኋላ እርሱ ዶሮዋን ይጠብቃታል። ሥራውን ገልብጦ የጀመረ ሰው እንደ እኔ ባዶ እጁን ይቀራል።

ተክሉን እንዴት እንጠብቅ?

ከሁሉ የሚቀለው ተክሉን ከአጥሩ ውጪ መትከል ነው። ሥሩ ውጪ ይሆናል፤ ቅርንጫፉ ግን ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ዶሮዋ ጥላውን ታገኛለች። በአጥሩ በኩል የገባውን ቅጠል ትለቅማለች። ሥሩን ግን አትደርስበትም። አጥሩ ከእንጨት ከሆነ ከአጥሩ አንድ ክንድ አርቃችሁ ትከሉ። ዶሮ አንገቷን አውጥታ እንዳትቆነጥረው ነው።

ሁለተኛው መዋያውን ለሁለት መክፈል ነው። መሐሉን በእሾህ ወይም በሽመል እጠሩት። በአንዱ ወገን ዶሮዎቹ ይዋሉ። በሌላው ወገን ትከሉ። አንድ ክረምት ሙሉ ዶሮ አይግባበት። ተክሉ ሲጠነክር ቦታ ይለዋወጣሉ። የዚህ ጥቅም ለተክሉ ብቻ አይደለም። ዶሮ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከዋለች የሆድ ትል ዕንቁላልና ደም የሚያስቀምጥ በሽታ በአፈሩ ላይ ይከማቻል። ቦታው ካረፈና ፀሐይ ከመታው ግን ይቀንሳል። ጫጩት ያላት እናት መጀመሪያ ወደ አረፈው ወገን ብትገባ ይመረጣል።

ሦስተኛው ድንጋይ ነው። ድንጋይ በማይጠፋበት አገራችን ይህ ወጪ የለውም። ዛፍ ስትተክሉ በግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ስፋት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩ። ዝናቡ በመሐሉ ይገባል፤ የዶሮ እግር ግን አይጭረውም። ለትንሽ ችግኝ ደግሞ ቂጡ የተቀደደ አሮጌ ቅርጫት ይድፉበት። የእሾህ ቅርንጫፍም ይሆናል።

አራተኛው የርብራብ መሸፈኛ ነው። ይህ ለሣርና ለቅጠላ ቅጠል ይጠቅማል። በአራት እንጨት አልጋ የመሰለ ነገር ሥሩ። ከፍታው ከመሬት ግማሽ ስንዝር ያህል ይሁን። ከላዩ ሽመል ወይም ቀርከሃ አጠጋግታችሁ ርበሩበት፤ የሽቦ ወንፊት ያለው ሰው ሽቦ ይዘርጋበት። ከሥሩ ገብስ ወይም ጎመን ዝሩ። ተክሉ በርብራቡ መሐል ብቅ ሲል ዶሮዋ ጫፉን ትቆርጣለች። ሥሩ ግን ከርብራቡ በታች ስለሆነ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህን ባወቅሁ ኖሮ 40ው ጎመኔ ባልጠፋ ነበር።

ለመደበቂያና ለጥላ የሚሆኑ

ለመደበቂያ አጋምን የሚያህል አላገኘሁም። እሾሁ ጭልፊትን ይከለክላል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ፍሬው ሲበስል ልጆችም ዶሮዎችም ይበሉታል። ክፉ ጠባዩ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። የበሰለውን ፍሬ አጥባችሁ ዘሩን ሳይደርቅ፣ ትኩሱን ዝሩት። ኮሽምም እንዲሁ ጥሩ አጥር ነው። ኮሽም ወንድና ሴት እንዳለው ልብ በሉ። ወንዱ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ብቻ ተክሎ «ፍሬ ከለከለኝ» ማለት አይገባም፤ በርከት አድርጎ መትከል ነው። በደጋ አገር ቀጋ አለ። እርሱም እሾሃም ነው፤ ፍሬውም ይበላል። በደረቅ አገር ያላችሁ በለስ ትከሉ። አንዱን ቅጠል ቆርጣችሁ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ካቆያችሁት በኋላ ብትተክሉት ይጸድቃል።

ግራዋና ጌሾ ለዶሮ ተብለው የሚተከሉ አይደሉም። ግን ብዙ ሰው በጓሮው አላቸው። ግራዋ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ቶሎ ይጸድቃል። ቅጠሉ መራራ ስለሆነ ዶሮ እምብዛም አትነካውም። ጋን ማጠቢያም ይሆናል። ጌሾ ለጠላ ነው፤ ዶሮዋ ከሥሩ ትውላለች፤ በኩሷም ታዳብረዋለች። ቡና የሚበቅልበት አገር ያላችሁ ከቡናው ሥር ዶሮ ሲጭር አይታችኋል። ሥሩ እንዳይገለጥ ብቻ ድንጋይ ወይም ጉዝጓዝ አድርጉበት። በሞቃት አገር ሙዝ ጥሩ ጥላ ነው። ሙዝ ማዳበሪያ ይወዳል፤ የዶሮ ኩስም ይስማማዋል። ዋንዛም ጥላው ሰፊ ነው፤ ፍሬውም ከሥሩ ይረግፋል።

እነዚህ ሁሉ ዓመታት ይፈልጋሉ። እስከዚያው ምን ይሁን? ዱባ አለ! ዱባ በሰኔ ከተዘራ በሁለት ወር ውስጥ ርብራቡን ይሸፍነዋል። ዘሩን ከአጥሩ ውጪ ዝሩት። ከመዋያው በላይ በሰው ቁመት ልክ ርብራብ ሥሩና ሐረጉን ወደዚያ ምሩት። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ጭልፊት ከላይ ሆኖ ጫጩቶቹን አያያቸውም። ዱባው ሲደርስ ሥጋውን እኛ እንበላለን፤ ልጣጩንና ፍሬውን ዶሮዎቹ ይለቅማሉ። ሱፍም ከአጥሩ ውጪ በተርታ ቢዘራ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ፍሬው ቅባት ያለው ጥሩ መኖ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቁጥቋጦ ጭልፊትን ይከለክላል እንጂ ሸለምጥማጥን አይከለክልም። እንዲያውም ይደብቀዋል። ስለዚህ በዶሮ ቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ሦስት እርምጃ ያህል ባዶ ይሁን፤ እዚያ ላይ የእናቴ መጥረጊያ ይሥራ። በዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚያዘነብል ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ። ሸለምጥማጥ በዛፍ ወጥቶ በጣሪያ ይገባልና።

ባሕር ዛፍስ? በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ጠቅሞናል። ለዶሮ መዋያ ግን አይሆንም። ጥላው ቀጭን ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር እንደ ልብ አይበቅልም። ከፍ ብሎ የቆመ ዛፍ ደግሞ ለጭልፊት ማማ ነው።

ለምግብ የሚሆኑ

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ አልፋልፋ ለዶሮ ጥሩ ናቸው። በፍግ አጠገብ ራሱን ችሎ የሚበቅለው አሉማም ለጋው ይሰጣል። ሳማ እንኳ ቢሆን ከጠወለገ ወይም ከተቀቀለ በኋላ መለብለቡን ይተዋል፤ ዶሮም ትበላዋለች። አረንጓዴ ቅጠል የሚበሉ ዶሮዎች ዕንቁላላቸው አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ቅጠሉ ለዐይንና ለሰውነት የሚበጀውን ቪታሚን ኤ የሚያስገኝ ነገር አለው። ገበያ ላይም ደማቅ አስኳል ይወደዳል።

ነገር ግን ቅጠል ብቻውን ዶሮን አያኖራትም። አንድ የምትጥል ዶሮ በቀን 100 ግራም ያህል መኖ ትፈልጋለች። ቅጠል አብዛኛው ውኃ ነው። ጨጓራዋን ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጣትም። ስለዚህ እህሉና ትሉ አይቅር፤ ቅጠሉ ተጨማሪ ነው። የምትሰጧትንም ቅጠል መሬት ላይ አትበትኑት። በገመድ አስራችሁ በአንገቷ ቁመት ልክ ስቀሉት። ኩስ አይነካውም፤ እርሷም እየዘለለች ትበላዋለች።

በበጋ ቅጠል ሲጠፋ ብቅል አለ። ብቅል ማብቀል ለእናቶች አዲስ ትምህርት አይደለም፤ እንዲያውም እኔ ከእናቴ ነው የተማርኩት። ልዩነቱ ለጠላ የሚሆነው ገና ጢሙን ሲያወጣ ይደርቃል። ለዶሮ የሚሆነው ግን ውኃ እየተረጨ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ አረንጓዴ ሣር ያወጣል። ያን ጊዜ ከነሥሩ ይሰጣል። የሻገተ ከሆነ ግን አትስጡ። ሻጋታ ዶሮ ይገድላል።

ሉሲኒያ የተከላችሁ ትኖራላችሁ። ለከብት መኖ ተብሎ ብዙ ተተክሏል። ለዶሮ ጥቂት ቅጠል ቢሰጥ አይጎዳትም። ሲበዛ ግን እድገቷን ያዘገያል፤ ዕንቁላሏንም ይቀንሳል።

ኩሱን በተመለከተ ትኩሱን ጎመን ላይ አትድፉት። ከገለባና ከቅጠል ጋር አደባልቃችሁ ቢያንስ 3 ወር ይብላላ። በጥሬው ለሚበላ አትክልት ደግሞ ትኩስ ኩስ ፈጽሞ አይደረግም፤ የሆድ በሽታ ያመጣል።

የሚጎዱ ተክሎች

ቦታ የተፈቀደላትና የጠገበች ዶሮ መርዛም ተክልን አብዛኛውን ጊዜ ቀምሳ ትተወዋለች። የታጠረች፣ የራባት ዶሮ ግን ያገኘችውን ትበላለች። ስለዚህ መዋያ ያጠረ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

ከሁሉ በፊት ጉሎን እጠቅሳለሁ። ጉሎ ቶሎ ያድጋል። ቅጠሉም ሰፊ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ለጥላ ያስበዋል። እኔም አስቤው ነበር። ፍሬው ግን መርዝ ነው። ምጣድ ስላሟሸንበት ምግብ ነው ማለት አይደለም። ለዶሮም፣ ለከብትም፣ ለሕፃንም አይሆንም። ሁለተኛው አስተናግር ነው። ፍግ ባለበት ቦታ ይወዳል። ጥቁሩ ፍሬው ከእህል ጋር ይቀላቀላል። ሳያብብ ንቀሉት። እምቧይም ቢጫ ፍሬው አደገኛ ነው። ቁልቋልና ቅንጭብ ጥሩ አጥር ቢሆኑም ወተታቸው ዐይን ያጠፋል፤ ጫጩት በሚውልበት አታድርጓቸው። በለስ ግን ወተት የለውም፤ ከእነርሱ ጋር አትደባልቁት። ቀይና ቢጫ አበባ በአንድነት የሚያወጣውን፣ በአንዳንድ ቦታ የወፍ ቆሎ የሚባለውን ቁጥቋጦም ራቁ። መደበቂያነቱ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ከብት ይመርዛል፤ ግጦሹንም ይወራል።

እንዶድ በብዙ አጥር ላይ አለ። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ አስተውለዋል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር ያገኟቸው። ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ነገር ለመጠጥ አይሆንም። የእንዶድ እጣቢ ዶሮ ወደምትጠጣበት እንዳይወርድ አድርጉ።

ከምንበላቸውም የሚጎዷት አሉ። ጥሬ ቦሎቄ ለዶሮ መርዝ ነው፤ በአጥሩ ላይ የተከላችሁ የረገፈውን ልቀሙ። አረንጓዴ የሆነ ድንችና የድንች ቅጠል አይሰጥም። የአቮካዶ ቅጠልና ልጣጭ ለወፍ ዘር አይስማማም፤ ዛፉን ከመዋያው አርቃችሁ ትከሉ። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ አረም አጭዳችሁ አታምጡ። በመድኃኒት የታሸ፣ ቀለም ያለው ዘርም በደጅ አይፍሰስ፤ ዶሮ እህል መስሏት ትለቅመዋለች።

ስለ ፈንግል ደግሞ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ለፈንግል የሚሆን ቅጠል የለም ወይ?» ይላል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሬት በየቤቱ ይሰጣል። ልማዱን አልሰድብም። ነገር ግን ፈንግልን የሚያድን ቅጠል የለም። የሚከላከለው ሳይመጣ በፊት የሚሰጥ ክትባት ነው። ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይሠራል። አንዱ ዓይነት በዐይን ላይ ጠብ የሚደረግ ነው። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ለሁሉም ዶሮ አስከትቡ። የእናንተ ተከትቦ የጎረቤት ከቀረ በሽታው ከመንደሩ አይወጣም። መቼ እንደሚደገም የእንስሳት ጤና ሠራተኛውን ጠይቁ።

መቼ ይጀመር?

በግንቦት ቦታውን ምረጡ፤ እጠሩ፤ ለሁለት ክፈሉ። ድንጋዩንም ያን ጊዜ ሰብስቡ። ዝናቡ በደንብ ሲይዝ፣ በሰኔና በሐምሌ ትከሉ። ለ10 ዶሮ 10 እርምጃ በ10 እርምጃ የሆነ ቦታ ይጀመርበታል፤ ሰፋ ቢል ይሻላል። አንዱን ጥግ ከዝናብ ከልሉና ደረቅ አፈርና አመድ አድርጉበት። ዶሮዋ ትንከባለልበታለች፤ ቅማሏንም ታራግፍበታለች።

የእናቴ ደጅ ዛሬም ይጠረጋል። ከዶሮ ቤቱ ወዲያ ያለው ጓሮ ግን ተለቆልናል። አጋሙን የዘራሁት ከአሮጊቷ አጥር በለቀምኩት ፍሬ ነው። አሁን ከጉልበቴ አይበልጥም። ድንጋይ ተደርድሮለታል፤ እሾህም ተደፍቶበታል። ባለፈው ጊዜ አንዲት ዶሮ 9 ፈልፍላ 7 አድጎላታል። ጭልፊቱ መምጣቱን አልተወም። አጋሙ እስኪደርስ ድረስ ጫጩቶቹን የሚሸፍናቸው ዱባው ነው።